በካንሰር የተዘጋ የሐሞት ቱቦን ሆድ ሳይከፈት ማስከፈት፦ ለታማሚና ለአስታማሚ ዝርዝር መመሪያ

የዓይን ነጩ ቢጫ ሲሆን በእኛ ቤት መጀመሪያ የሚነሳው ስም የወፍ በሽታ ነው። ቅጠል የሚቀምም ሰው ይፈለጋል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል። ቢጫነቱን ያመጣው የጉበት ቫይረስ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቅና ምስጋናው ለቅጠሉ ይሄዳል። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ያለ ሕመም ቀስ እያለ የመጣ ቢጫነት፣ የጠቆረ ሽንት፣ ቀለሙን ያጣ ሰገራ፣ ሌሊት የማያስተኛ ማሳከክና ክብደት መቀነስ አብረው ከታዩ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመርታል። መውረጃው ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ ደም ይመለሳል።

ይህ መመሪያ «የሐሞት ቱቦው በዕጢ ተዘግቷል፣ ስቴንት ያስፈልገዋል» ለተባለ ሰውና ለቤተሰቡ ነው። ስቴንት የተዘጋው ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ትንሽ ቧንቧ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ ሆድ ሳይቀደድ በአፍ በሚገባ ካሜራ ወይም በጎን በኩል በሚገባ ቀጭን መርፌ ይሠራል። ግን ቱቦውን መክፈት ካንሰሩን ማከም አይደለም። ሁለቱ ሲምታቱ ቤተሰብ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያላግባብ ያጠፋል። ስለዚህ ማንም ሰው ቱቦውን ከመንካቱ በፊት ሁለት ነገር ይቅደም፦ ጥሩ ምስል፣ እና «ለምን ነው የምንከፍተው?» ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ።

አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልናገር። ቢጫ የሆነ ሰው ትኩሳትና የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከያዘው ይህን ማንበብ ትታችሁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። የታቆረ ሐሞት በባክቴሪያ ሲበከል ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። የደም ግፊቱ ከወረደ ወይም መቃዠት ከጀመረ ደግሞ ጉዳዩ የደቂቃ ነው።

1. የተዘጋው የት ላይ ነው?

ከቀኝና ከግራ ጉበት የሚመጡት ሁለት ቱቦዎች እንደ ሁለት ገባር ወንዞች የጉበት መውጫ ላይ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። ይህ ዋና ቱቦ ወደ ታች ይወርድና የቆሽትን ራስ አልፎ፣ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ በጠባብ ቀዳዳ ይፈስሳል።

ታችኛውን ክፍል ብዙ ጊዜ የሚዘጋው የቆሽት ራስ ካንሰር ነው፤ የቀዳዳው የራሱ ካንሰርና የቱቦው የታችኛው ክፍል ካንሰርም አሉ። እዚህ ላይ አንድ ስቴንት መላውን ጉበት ያራግፋል። ላይኛውን፣ ማለትም መገናኛውን የሚዘጋው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሐኪሞች ክላትስኪን የሚሉት ዓይነት ነው፤ የሐሞት ከረጢት ካንሰርና ከሌላ ቦታ የተሰራጩ ዕጢዎችም ያንን ቦታ ይይዛሉ። መገናኛው ሲያዝ ግራና ቀኙ ይለያያሉ፤ አንዱን መክፈት ሌላውን አይከፍትም። ሐኪሙ «ቢስመዝ 1»፣ «ቢስመዝ 4» ሲል ቢሰማ ዕጢው መገናኛውን ምን ያህል እንደወረረ እየተናገረ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሥራው ይከብዳል።

ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገሩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ታች ነው ላይ?» ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይመሠረታል።

2. ከስቴንት በፊት ምስል

አልትራሳውንድ ርካሽ ነው፣ በብዙ ቦታም ይገኛል። ቱቦዎቹ መስፋታቸውን ያሳያል፤ ስለዚህ የጉበት ሕመም ነው ወይስ መዘጋት ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው። የዘጋውን ነገር ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ አያሳይም። ቀጥሎ በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሳ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። መዘጋቱ ላይኛው ከሆነ ኤምአርሲፒ የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት ያስፈልጋል፤ የትኛው የጉበት ክፍል በየት በኩል እንደሚፈስስ ካርታውን የሚሰጠው እሱ ነው።

እነዚህ ምስሎች ስቴንት ከመግባቱ በፊት መነሳት አለባቸው። ስቴንቱ በምስሉ ላይ ጥላ ይፈጥራል፤ የአካባቢው ቁጣም የዕጢውን ድንበር ያደበዝዛል። ዕጢው የደም ሥር ነክቷል ወይ፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል ወይ የሚለውን ለመወሰን ያ ድንበር ያስፈልጋል። ኢንፌክሽን ካለ ግን ምስል ጥበቃ አይዘገይም፤ ነፍስ ይቀድማል።

የተጻፈውን ሪፖርት ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ምስሉን በሲዲ ጠይቁ። ሁለተኛ ሐኪም፣ ሌላ ከተማም ሆነ ሌላ አገር ያለ ስፔሻሊስት፣ ማየት የሚፈልገው ምስሉን ነው።

ከደም ምርመራ ቢጫነቱን የሚያመጣው ቢሊሩቢን (ጠቅላላና ዳይሬክት)፣ የጉበት ኢንዛይሞች፣ የደም መርጋት መለኪያው አይኤንአር፣ ፕላትሌት፣ የኩላሊት ክሬአቲኒንና አልቡሚን ይታያሉ። ቢሊሩቢን በሁለት መለኪያ እንደሚጻፍ እወቁ፤ አዲስ አበባና አሜሪካ ብዙውን ጊዜ ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ አውሮፓ ደግሞ ማይክሮሞል በሊትር ይጠቀማሉ። 1 ሚሊግራም ወደ 17 ማይክሮሞል ነው። ወንድም ከስቶክሆልም ሆኖ የአዲስ አበባን ውጤት ሲያነብ 15 ትንሽ ይመስለዋል፤ በእሱ መለኪያ ከ250 በላይ ነው። ሲኤ 19-9 የሚባለው የካንሰር ጠቋሚ ደግሞ ቱቦው በመዘጋቱ ብቻም ይጨምራል፤ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ አትደንግጡ፣ ቢጫነቱ ከወረደ በኋላ ይደገም።

3. ካንሰር መሆኑ በምን ታወቀ?

ይህን ደረጃ መዝለል ውድ ያስከፍላል። የቱቦውን መጥበብ የሚያመጣ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ጠጠር አለ። የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ የቆሽት ቁጣ አለ፤ ምስሉ ካንሰርን ቁርጥ ይመስላል፣ በስቴሮይድ ግን ይሟሽሻል። አልፎ አልፎም በቲቢ ያበጡ ንፍፊቶች ቱቦውን ከውጭ ይጫኑታል፤ ቲቢ በበዛበት አገራችን ይህን መርሳት አይገባም።

ናሙና የሚወሰድበት ጥሩው መንገድ በአፍ ገብቶ ከውስጥ የሚያይ አልትራሳውንድ ነው፤ በቀጭን መርፌ ከቆሽቱ ይወስዳል። በኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ቱቦውን መክፈቻው መንገድ፤ ክፍል 5 ላይ ይብራራል) ጊዜ በብሩሽ የሚወሰደው ናሙና ደካማ ነው፤ ካንሰር እያለ ከግማሽ በማያንሱት ታማሚዎች ላይ «አልተገኘም» ሊል ይችላል። ስለዚህ «ብሩሹ ነጻ ነው» መባል እፎይ አያሰኝም። ላይኛው መዘጋት ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ አንዳንድ የተመረጡ ታማሚዎች የጉበት ንቅለ ተከላ ሊደረግላቸው ይችላል፤ ዕጢው ከውጭ በመርፌ ከተወጋ ግን የንቅለ ተከላ ማዕከላት አይቀበሉም። አሜሪካ ያላችሁ ከመርፌው በፊት ይህን ጠይቁ።

ቀዶ ሕክምናው በቶሎ የሚቻል ከሆነና ምስሉ ግልጽ ከሆነ ናሙና ሳይጠበቅ ወደ ቀዶ ሊኬድ ይችላል። ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት ግን ናሙና ግድ ነው።

4. ለምን ይከፈታል?

መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ታማሚው ለቀዶ ሕክምና እየተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው፣ ኬሞቴራፒ ሊጀምር ነው፤ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ፣ በተለይ ኢሪኖቴካን፣ በሐሞት በኩል ስለሚወገዱ ቢሊሩቢን ከፍ ባለበት መስጠት አደገኛ ነው። ሦስተኛው፣ ሌላ ሕክምና ባይኖርም ማሳከኩ እንዲለቅ፣ የምግብ ፍላጎት እንዲመለስ፣ ኢንፌክሽን እንዲከላከል ነው። ሦስተኛው ትንሽ ነገር አይደለም፤ በማሳከክ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል።

ቀዶ ሕክምናው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚደረግ ከሆነ «ቢጫነቱ ሳይወርድ እንዴት ይቀደዳል?» ብለው ስቴንት የሚወተውቱ ቤተሰቦች አሉ። ኔዘርላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት በትክክል ይህን ጠየቀ። የቆሽት ራስ ካንሰር ያለባቸውና ቢሊሩቢናቸው ከ40 እስከ 250 ማይክሮሞል የሆነ 202 ታማሚዎች በሁለት ተከፈሉ። በቀጥታ ወደ ቀዶ ከሄዱት 39 በመቶው፣ መጀመሪያ ስቴንት ከገባላቸው 74 በመቶው ከባድ ጉዳት ገጠማቸው። የገባው ያኔ የተለመደው የፕላስቲክ ስቴንት ነበር፤ ብረቱ ይሻላል። ቢሆንም ትምህርቱ አልተለወጠም፦ ቀዶው ቅርብ ከሆነ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ ቢሊሩቢኑም ከመጠን ካላለፈ ስቴንቱ ጥቅም የለውም። እኛ አገር ግን የቀዶ ተራ ወር ሊወስድ ይችላል፤ ያኔ ስሌቱ ይለወጣል። ቀኑን ቆርጣችሁ ጠይቁ።

5. የትኛው መንገድ?

መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

ኢአርሲፒ የሚባለው በአፍ በኩል ነው። ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በጨጓራ አልፎ ሐሞት የሚፈስስበት ቀዳዳ ድረስ ይሄዳል፤ በኤክስሬይ እየታየ ቀጭን ሽቦ ወደ ላይ ይገባል፣ ስቴንቱ በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1968 የምርመራ ዘዴ ሆኖ ተጀመረ፤ በ1979 ኒብ ሶሄንድራ ሐምቡርግ ውስጥ በዚህ መንገድ ስቴንት ማስገባት ሲጀምር ሕክምና ሆነ። ለታችኛው መዘጋት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው፤ ልምድ ባለው እጅ ከአሥር ዘጠኙ ይሳካል።

ሁለተኛው በቆዳ በኩል ነው፤ ፒቲቢዲ ይሉታል። የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ሐኪም በአልትራሳውንድና በኤክስሬይ እየተመራ ከጎድን አጥንት መሃል ወይም ከእንብርት በላይ በቀጭን መርፌ ጉበት ውስጥ ያለውን የሰፋ ቱቦ ይወጋል፤ ሽቦ አሳልፎ ካቴተር፣ ማለትም ሐሞቱን የሚያፈስስ ቀጭን ቱቦ፣ ያስቀምጣል። ጨጓራው ቀድሞ ተቀዶ መንገዱ ለተለወጠ ሰው፣ ዕጢው አንጀቱን ለዘጋበት፣ ኢአርሲፒ ላልተሳካለት፣ ለከባዱ ላይኛ መዘጋትም ይህ ይመረጣል። ጉዳቱ ካቴተሩ ወደ ውጭ ወጥቶ ከረጢት ማንጠልጠሉ ነው፤ ሆድ ውስጥ ብዙ ውሃ የቋጠረ ሰው ላይም ያስቸግራል።

ሦስተኛውና አዲሱ በውስጥ አልትራሳውንድ እየተመሩ ከአንጀት ወይም ከጨጓራ ግድግዳ በቀጥታ ወደ ሐሞት ቱቦው በር መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከፈረንሳይ የተዘገበ ዘዴ ሲሆን በ2023 የወጡ ሁለት ጥናቶች ለታችኛው መዘጋት ከኢአርሲፒ ጋር ሊወዳደር እንደሚችል አሳይተዋል። ዕቃውም ባለሙያውም ውድ ስለሆነ በትልልቅ ማዕከላት ብቻ ይገኛል።

ላይኛው መዘጋት ላይ ያለኝን አስተያየት ልጨምር። ዓላማው ከጉበቱ ቢያንስ ግማሹን ማራገፍ ነው፤ ሙሉውን ለመክፈት መሞከር ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። የደረቀና የመነመነ የጉበት ክፍል ቢከፈትም አይጠቅምም። ከዚህ የከፋው በኤክስሬይ እንዲታይ ቀለም መድኃኒት ተረጭቶበት ሳይራገፍ የቀረ ክፍል ነው፤ ይበከላል። ስለዚህ ያለ ኤምአርሲፒ ወይም ያለ ጥሩ ሲቲ «ገብተን እናያለን» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ኢአርሲፒ የሚሠሩ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ የሚሄዱም ብዙ ናቸው። ለመሄድ ካሰባችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት «ከሦስት ወር በኋላ ስቴንቱን አገር ቤት ማን ይቀይረዋል?» የሚለውን መልሱ። መልስ ከሌለ የፕላስቲክ ስቴንት ይዞ መመለስ ራሱ ችግር ይሆናል።

6. ፕላስቲክ ወይስ ብረት?

ፕላስቲኩ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በደለልና በባክቴሪያ ስለሚደፈን በሦስት ወር አካባቢ መቀየር አለበት። ርካሽ ነው፣ ይወጣል። ብረቱ ገብቶ ራሱን የሚከፍት መረብ ሲሆን ስፋቱ እስከ 10 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ብዙ ወራት ይቆያል። ዋጋው ከፕላስቲኩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሆኖም በየሦስት ወሩ የሚደገመው ሥራ፣ መኝታና ጉዞ ሲደመር ብረቱ ብዙ ጊዜ አይከብድም። ታማሚው ከሦስት አራት ወር በላይ የመኖር ተስፋ ካለው፣ ወይም ኬሞቴራፒ ከጀመረ፣ እኔ ብሆን ገንዘቡን የማስቀምጠው ብረቱ ላይ ነው። ለቀዶ የታጨ ሰው ላይም አጭር የብረት ስቴንት ለቀዶው እንቅፋት አይሆንም።

ብረቱ ሽፋን ያለውና የሌለው አለ። ሽፋን የሌለው ዕጢው በመረቡ መሃል እየበቀለ ሊዘጋው ይችላል፤ ከገባ በኋላም አይወጣም። ሽፋን ያለው ይወጣል፣ ግን አንዳንዴ ከቦታው ይንሸራተታል። ካንሰር መሆኑ ካልተረጋገጠ ሽፋን የሌለው ብረት መግባት የለበትም፤ ለዚህ ነው ሦስተኛውን ደረጃ አትዝለሉ ያልኩት።

7. ዝግጅት

የሐሞት እጥረት ቫይታሚን ኬ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ የቢጫ ሰው ደም ለመርጋት ይዘገያል። አይኤንአር ከ1.5 በላይ ከሆነ ቫይታሚን ኬ በመርፌ ይሰጣል፤ ፕላትሌት ከ50,000 በታች ከሆነም መፍትሔ ይፈለጋል። የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ ካርቶናቸውን ይዛችሁ ቅረቡ፣ ከሁሉ በላይ ደም ማቅጠኛዎችን፦ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግረል፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን። በራሳችሁ አታቁሙ፤ ቀኑን ሐኪሙ ይወስናል። የስኳር መድኃኒትና ኢንሱሊንም ምግብ በሌለበት ጠዋት እንዴት እንደሚወሰዱ ጠይቁ። የምትሰጡት ቅጠል ካለ ሳታፍሩ ተናገሩና አቁሙት፤ ጉበት የሚጎዱ ቅጠሎች አሉ።

ጠንካራ ምግብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። ውጭ አገር «ከ12 በኋላ ምንም እንዳይቀምስ» ሲባል ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት ነው። እናትን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁርስ አብልቶ ሆስፒታል ማድረስ ቀጠሮውን ያሰርዛል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፣ አስቸጋሪውን ቃል ይዘለዋል።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረን አንድ ነገር አለ። «እንዳትደነግጥ» ብለን ለታማሚው አንነግርም፤ የስምምነት ወረቀቱንም ልጅ ይፈርማል። የበሽታውን ስም እንዴትና መቼ እንደሚነገር ቤተሰቡና ሐኪሙ ይምከሩበት። ነገር ግን ቢያንስ ቱቦው መዘጋቱን፣ ውስጡ ስቴንት መኖሩንና ትኩሳት ሲመጣ መደበቅ እንደሌለበት ታማሚው ራሱ ማወቅ አለበት። ያልተነገረው አባት ብርድ ብርድ ሲለው ጋቢ ደርቦ ይተኛል።

8. የሥራው ቀን

ኢአርሲፒ በማደንዘዣ ወይም በከባድ ማስታገሻ ይሠራል፤ ታማሚው በሆዱ ወይም በግራ ጎኑ ይተኛል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ቀዳዳውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ትንሽ ሰንጥቆ ያሰፋዋል።

የሚያሰጋው ዋናው ጉዳት የቆሽት ቁጣ ነው፤ ከ100 ታማሚዎች ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። አብዛኛው ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ግን ለሞት ያደርሳል። ይህን ለመቀነስ 100 ሚሊግራም ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ በፊንጢጣ ይሰጣል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፤ የኩላሊት ችግር ወይም አለርጂ ከሌለ «ይሰጠዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከስንጥቁ መድማትና የአንጀት መበሳትም አሉ፣ እነሱ ያነሱ ናቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የጠቆረ ሬንጅማ ሰገራ ወይም ትኩሳት ከታየ ወዲያውኑ ተመለሱ።

ሰላም ከሆነ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አጥሚትና ሾርባ፣ በማግስቱ የተለመደ ምግብ።

ከመውጣታችሁ በፊት የስቴንቱን ዓይነት፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የገባበትን ቀንና የሚቀየርበትን ቀን የያዘ ወረቀት ተቀበሉ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉት። «በ10/5» የሚል ቀጠሮ ጥር 10 ይሁን ሜይ 10 ሳይለይ ስቴንቱ ሊደፈን ይችላል።

9. ካቴተር በጎኑ ይዞ ለተመለሰ

ይህ ክፍል አስታማሚውን ነው የሚመለከተው፤ ሆስፒታል ውስጥ ቸኩለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው።

በየቀኑ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ካቴተሩ ከቆዳ የሚወጣበትን ቦታ እዩ፤ ቀይ፣ እብጠት፣ መግል አለ ወይ? ካቴተሩ ላይ ያለው ምልክት ከቆዳ ርቆ ከሆነ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሐኪሙ ካዘዘ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የሆስፒታል ሳላይን በሲሪንጅ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። አትሳቡ፤ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሐሞት ቱቦው ይመጣል። እምቢ ካለ ወይም ካመመው አታስገድዱ፣ ደውሉ። የቤት ጨውና ውሃ አይሆንም።

ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች ይሁን፤ ግማሽ ሲሞላ ይፍሰስ። በየቀኑ ስንት እንደወጣና ቀለሙን ደብተር ላይ ጻፉ። ወርቃማ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ደህና ነው። ደም ካዘለ፣ መግል ከመሰለ፣ ወይም በድንገት ከቆመ ሐኪም ይወቀው። በካቴተሩ ዙሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጡ ተደፍኗል። በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ከወጣ ሰውነት ውሃና ጨው እያጣ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ መተካት አለበት።

ካቴተሩ ወጥቶ ቢወድቅ መልሳችሁ አታስገቡ። ቀዳዳውን በንጹሕ ጎዝ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ መንገዱ በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል።

ገላ መታጠብ ቦታውን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይቻላል፤ ገንዳ ውስጥ መዘፈቅ ግን አይቻልም። ጸበል የሚፈልግ ታማሚ ካለ ቦታው እንዳይርስ ለካህኑ ነግሮ ጭንቅላቱን ብቻ መጠመቅ ወይም መረጨት ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚገባበት ጸበል ውስጥ መግባት ግን አይሆንም። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ።

ካቴተሩ በሦስት ወር አካባቢ ይቀየራል። ኢንፌክሽኑ ከጠራ በኋላ በዚያው መንገድ የብረት ስቴንት ገብቶ ካቴተሩ ሊወጣ ይችል እንደሆነ በየቀጠሮው ጠይቁ። ብዙዎች ይህን ባለመጠየቃቸው ለወራት ከረጢት ያንጠለጥላሉ።

10. የሚቀጥሉት ሳምንታት

መጀመሪያ የሚለወጠው ሽንት ነው፤ ይነጣል። ሰገራ ቀለሙን ያገኛል፤ ማሳከኩ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ዓይን ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ዓይን እያዩ «አልሠራም» ማለት አይገባም። በአንድ ሳምንት ቢሊሩቢን ይለካ፤ ወደ ግማሽ ከወረደ መልካም ነው። ምንም ካልወረደ ስቴንቱ ቦታውን ስቷል፣ ወይም የተራገፈው የጉበት ክፍል አንሷል፣ ወይም ጉበቱ ራሱ በዕጢ ተይዟል።

ምግብ ስቴንቱን አይደፍንም፤ እንጀራም ሥጋም ይበላ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ። የቆሽት ካንሰር ያለበት ሰው ሰገራው ቅባት የሚንሳፈፍበትና የሚሸት ከሆነ የቆሽት ኢንዛይም እንክብል ይታዘዝለታል፤ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። እንክብሉ ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ መሆኑን የሚነግር ሐኪም ጥቂት ነው። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለቤተ እስራኤልም ጥያቄ ነውና በግልጽ አንሱት፤ ለሕክምና ሲሆን የሃይማኖት አባቶች ምን እንደሚሉ ጠይቃችሁ ወስኑ። ሳይነገረው ቆይቶ ሲያውቅ መድኃኒቱን የሚጥል ታማሚ ክብደት እያጣ ይሄዳል። በጾም ወቅትም እንዲሁ የንስሐ አባትን ማነጋገር ይበጃል።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ሽንቱ ዳግም መጥቆር፦ ስቴንቱ ተደፍኗል ብላችሁ ጀምሩ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር ትኩሳቱን ይሸፍናል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆምም። በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ በደም ሥር መጀመር፣ ቱቦውም ዳግም መከፈት አለበት። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «የሐሞት ቱቦ ስቴንት አለው» ይሁን።

11. ዳግም ሲዘጋ

ፕላስቲኩ ወጥቶ በአዲስ ይተካል፤ የሚቻል ከሆነ በብረት። ሽፋን በሌለው ብረት ውስጥ ዕጢ ከበቀለ በውስጡ ሌላ ስቴንት ይገባል። በሬዲዮ ሞገድ ዕጢውን ከውስጥ የሚያቃጥል ዘዴም አለ፣ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ከበላ በኋላ ያልተፈጨ ምግብ የሚያስመልሰው ከሆነ የተዘጋው አንጀቱ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ለብቻው መፍትሔ ይሻል።

በመጨረሻም ቱቦውን መክፈት የማይጠቅምበት ጊዜ አለ። ጉበቱ በዕጢ ከሞላ፣ ታማሚው ከአልጋ መነሳት ካቃተው፣ ትኩሳትም ማሳከክም ከሌለው፣ ቢጫነቱን ለማውረድ ብቻ ሌላ መርፌ መውጋት አይገባም ብዬ አምናለሁ። ያኔ ሥራው ሕመሙን ማስታገስ ነው፤ ሞርፊን ሳይሰስቱ፣ የሆድ ድርቀቱን አብሮ እያከሙ። የሚያሳክከው ከሆነ ሰርትራሊን ወይም ሪፋምፒሲን በሐኪም ትእዛዝ ይረዳሉ፤ ኮሌስታይራሚን ግን ሐሞት ወደ አንጀት ጨርሶ ካልደረሰ አይሠራም። ጥፍሩ አጥሮ ይቆረጥ፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣ ይታሸት፣ ቫዝሊን ይቀባ፣ ሌሊት ስስ የጥጥ ልብስ ይልበስ።